ተራው የደም ምርመራ ስለ ተደፈነ የልብ ደም ቅዳ ምን ይነግረናል?

(በሐረር ከተማ፣ በአቦከር፣ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




በዚህ በአቦከር ተገኝቼ ስለ ደም ምርመራና ስለ ልብ ሕመም እንድናገር ማኅበራችን አዞኛል። የተሰጠኝ ርእስ ሰፊ ነው። እኔ ግን ከዚሁ ሰፊ ርእስ ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ነጥዬ ላነሣ እወዳለሁ። ይኸውም፣ በየሆስፒታሉ በየዕለቱ የሚሠራው ተራ የደም ምርመራ፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም የተያዘ ሰው የልቡ ደም ቅዳ መደፈኑንና አለመደፈኑን ሊያስታውቀን ይችላልን? የሚለው ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ጥያቄው ለሐረር ሕዝብ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ከተማችን ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የልብን ደም ቅዳዎች ቀለም ረጭቶ በራጅ ለማየት የሚያስችለው አንጂዮግራፊ የተባለው ምርመራ በአገራችን የሚገኘው በጥቂት ማእከሎች ሲሆን፣ አብዛኞቹም በርእሰ ከተማችን ናቸው። በአንጻሩ የደም ሕዋሳት ቆጠራ በጀጎል ሆስፒታልም ሆነ በሕይወት ፋና ሆስፒታል የዕለት ተዕለት ሥራ ነው፤ ዋጋውም አነስተኛ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «ሩቅ ያለው ውድ መሣሪያ የሚነግራችሁን እዚሁ በእጃችሁ ያለች ጠብታ ደም ትነግራችኋለች» ቢለን ጆሯችንን ማዘንበላችን አይቀርም። ነገሩ ሊደመጥ ይገባዋል፤ ከተደመጠ በኋላ ግን ሊመዘን ይገባዋል።

በመጀመሪያ ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። በሕዝባችን ዘንድ «የልብ ሕመም» የሚለው አነጋገር ብዙ ልዩ ልዩ በሽታዎችን ያጠቃልላል። በአገራችን ለረጅም ዘመን ሐኪሞችን ይበልጥ ያስጨነቀው፣ በጉሮሮ ሕመም ተጀምሮ የልብን በሮች የሚያበላሸው ሩማቲክ የልብ በሽታ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ከወጣቶቻችን ጫንቃ አልወረደም። አሁን የምናገርለት ግን ሌላ ነው። ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ደም ቅዳዎች በግድግዳቸው ላይ ስብ ተከማችቶ ይጠብባሉ፤ ክምችቱ በድንገት ሲሰነጠቅ በላዩ ላይ ደም ይረጋና መተላለፊያውን ይዘጋዋል። ፈረንጆች «ሃርት አታክ» የሚሉት ይህ ነው። መተላለፊያው ተዘግቶ በቆየ መጠን የልብ ጡንቻ እየሞተ ይሄዳል፤ የሞተውም ጡንቻ ተመልሶ አይተካም።

የዚህን አደጋ ምልክቶች አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ሄሪክ በ1912 ቢገልጻቸውም፣ የረጋው ደም የሕመሙ ምክንያት ነው ወይስ ከሕመሙ በኋላ የሚመጣ ውጤት? የሚለው ክርክር እስከ 1970ዎቹ ዓመታት ዘልቋል። ክርክሩን የቋጨው ዴውድና ባልደረቦቹ በ1980 ያሳተሙት ጥናት ነው። እነዚህ ሐኪሞች የበሽተኞቹን ደም ቅዳዎች ሕመሙ እንደ ጀመረ ወዲያው በአንጂዮግራፊ መረመሩ። በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓቶች ውስጥ ከታዩት 126 ሰዎች መካከል በ110ሩ፣ ማለትም በ100 ሲሰላ በ87ቱ፣ ደም ቅዳው ፈጽሞ ተደፍኖ ተገኘ። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘግይተው በታዩት ግን ቁጥሩ ወደ 65 ዝቅ አለ። ከዚህ ሁለት ትምህርት ተገኘ። አንደኛው፣ የረጋው ደም ምክንያት እንጂ ውጤት አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መደፈን ቋሚ ነገር ሳይሆን ከሰዓት ወደ ሰዓት የሚለዋወጥ መሆኑ ነው።

እንደምታውቁት በሽተኛው ሲመጣ መንገዱን የሚያሳየን የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ኢ.ሲ.ጂ. ነው። «ኤስ ቲ» የተባለው የመስመሩ ክፍል ከፍ ብሎ ከታየ፣ ደም ቅዳው ተደፍኗል ብለን የረጋውን ደም ለመክፈት እንጣደፋለን። መስመሩ ከፍ ካላለ ጊዜ አለን ብለን እንረጋጋለን። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ2017 በአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መጽሔት የታተመና ከ10,000 በላይ በሽተኞችን ያጠቃለለ የጥናቶች ድምር እንዳሳየው፣ መስመራቸው ከፍ ካላለ በሽተኞች መካከል አንድ አራተኛ በሚያህሉት ለሕመሙ ምክንያት የሆነው ደም ቅዳ ፈጽሞ ተደፍኖ ነበር። እነዚህ ሰዎች የመሞት ዕድላቸውም ከሌሎቹ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ስለሆነም ኢ.ሲ.ጂ. የሸሸገብንን መደፈን የሚገልጥ ሌላ ምልክት መፈለግ ተገቢ ሆነ፤ የብዙዎችም ዓይን በደም ላይ ዐረፈ።

ደም ስለ ልብ እንዲመሰክር መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። ካርመንና ባልደረቦቹ በ1954 የልብ ጡንቻ ሲጎዳ በደም ውስጥ ከፍ የሚል ኢንዛይም መኖሩን ገለጹ፤ ይኸውም አንጋፋዎቹ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ. ብለው የሚያውቁት ነው። ይህ ኢንዛይም ጉበት ሲታመምም ስለሚጨምር ምስክርነቱ ድብልቅ ነበር። በ1989 ካቱስና ባልደረቦቹ የትሮፖኒንን መለኪያ ካስተዋወቁ በኋላ የምስክሩ ቃል ጠራ። ሆኖም ትሮፖኒን የሚነግረን የልብ ጡንቻ መጎዳቱን እንጂ ደም ቅዳው በዚህች ሰዓት ዝግ ይሁን ክፍት አይደለም። ኮሌስትሮልም ቢሆን የሚናገረው በዓመታት ውስጥ ስለሚመጣ አደጋ እንጂ ዛሬ ማታ ስለ ደረሰው አይደለም።

የነጭ የደም ሕዋሳት ነገር በ1974 ተነሣ። ፍሪድማንና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ ባደረጉት ጥናት፣ ነጭ የደም ሕዋሳቸው በዛ ብሎ የተገኙ ሰዎች ኋላ በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አመለከቱ። በ2005 ደግሞ ሆርንና ባልደረቦቹ አንጂዮግራፊ የተደረገላቸውን 3,227 ሰዎች ተከታትለው፣ ከጠቅላላው ቁጥር ይልቅ የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ንጽጽር የበለጠ እንደሚተነብይ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ከቱርክ፣ ከቻይናና ከሌሎችም አገሮች የወጡት ጽሑፎች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ኒውትሮፊልን ለሊምፎሳይት ያካፍላሉ፤ አንዳንዶቹ ውጤቱን በፕላትሌት ያባዛሉ፤ ሌሎቹ የቀይ ሕዋሳትን የመጠን መበላለጥ ወይም የፕላትሌትን አማካይ መጠን ይመለከታሉ።

ሐሳቡ መሠረት የለሽ አይደለም። ስብ የተከማቸበት የደም ቅዳ ግድግዳ ብግነት ያለበት ግድግዳ ነው፤ ኒውትሮፊሎችም ደም በሚረጋበት ቦታ ይሳተፋሉ። ብግነት ተመልካች ብቻ ሳይሆን ተዋናይ መሆኑን በ2017 የታተመው ካንቶስ የተባለው ጥናት አረጋግጧል። በጥናቱ 10,061 ሰዎች ተካፍለው፣ ብግነትን ብቻ የሚቀንስ መድኃኒት ኮሌስትሮልን ሳይነካ የልብ አደጋን በመካከለኛው መጠን በ100 ሲሰላ 15 ያህል ቀንሷል። በሌላ በኩል በልብ ሕመም የተጨነቀ ሰውነት ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህም ኒውትሮፊልን ያበዛል፣ ሊምፎሳይትን ያሳንሳል። ስለዚህ የንጽጽሩ ከፍ ማለት ከከባድ ሕመም ጋር አብሮ ቢገኝ አያስደንቅም።

ታዲያ ይህን ንጽጽር ወስደን በድንገተኛ ክፍል በር ላይ እንስቀለውን? «ከዚህ ቁጥር በላይ የሆነው ተደፍኗል፣ በታች የሆነው አልተደፈነም» እንበልን? እኔ አይገባም እላለሁ፤ ምክንያቶቼንም በየተራ አቀርባለሁ።

አንደኛው ምክንያት የሒሳብ ነው። በብዙ ሰዎች ላይ የታየ ዝምድና በአንድ ሰው ላይ ፍርድ ለመስጠት አይበቃም። ለምሳሌ ያህል፣ ኢ.ሲ.ጂ.ያቸው ከፍታ ያላሳየ 200 በሽተኞች አሉን እንበል። ከላይ በጠቀስነው ስሌት 50ዎቹ ደም ቅዳቸው የተደፈነ ነው። ምርመራችን ከተደፈኑት 100 መካከል 70ውን የሚያገኝ፣ ካልተደፈኑትም 100 መካከል 70ውን በትክክል ነፃ የሚያወጣ ይሁን። ያን ጊዜ ከ50ዎቹ 35ቱን አግኝተን 15ቱን እንስታለን፤ ካልተደፈኑት 150 መካከልም 45ቱን በሐሰት «ተደፍነዋል» እንላለን። ስለዚህ «ተደፍኗል» ካልናቸው 80 ሰዎች እውነተኞቹ ከግማሽ ያነሱ ናቸው፤ «ደኅና ነህ» ብለን ከምናሳርፋቸው 120 ሰዎች መካከል ደግሞ ከ8 አንዱ የተደፈነ ደም ቅዳ ይዞ ይተኛል። ይህን የመሰለ ምርመራ ለጥናት ጽሑፍ ያምር ይሆናል፤ ለአንዲት እናት ልጅ ግን ፍርድ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ምክንያት የእኛው የደም ጠባይ ነው። ሻፐርና ሉዊስ በ1971 የአፍሪካ ተወላጆች ያለ አንዳች ሕመም የኒውትሮፊላቸው ቁጥር ዝቅ ሊል እንደሚችልና ነገሩም በዘር የሚወረስ መሆኑን ጽፈዋል። ይህ ጠባይ ዳፊ ከተባለው የደም ዓይነት ጋር የተያያዘ መሆኑን ኋላ የተደረጉት የዘር ጥናቶች አስረድተዋል። በኢትዮጵያውያን ላይም በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ይኸው ዝቅተኛ ቁጥር ታይቷል። የሊምፎሳይትም ወገን ቢሆን የራሱ ልዩነት አለው፤ በኢትዮጵያና በኔዘርላንድ ትብብር የተካሄደውና በ1999 የታተመው ጥናት የጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሲዲ4 ሕዋሳት ከሆላንዳውያን ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል።

የዚህ ትርጉም ምንድን ነው? ሁለት ሰዎችን እናስብ። የአንዱ የጤንነት ጊዜ ንጽጽር 2 ነው እንበል፤ የሌላው፣ ኒውትሮፊሉ በተፈጥሮ ዝቅ ያለው ሰው፣ ንጽጽሩ 1 ነው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት የልብ አደጋ ተይዘው ንጽጽራቸው ሁለት እጥፍ ከግማሽ ቢያድግ፣ የመጀመሪያው 5 ይደርሳል፣ ሁለተኛው 2.5 ላይ ይቆማል። የውጭው መጽሐፍ ወሰኑ 3 ነው ካለ፣ አንደኛው «አደጋ ላይ ነው» ይባላል፣ ሁለተኛው ግን በዚያው አደጋ ውስጥ እያለ «ደኅና ነው» ይባላል። በሌላ ሕዝብ ደም የተሰፋ ልብስ በእኛ ላይ ሳይለካ ሊለበስ አይገባም ማለቴ ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የአካባቢያችን በሽታዎች ናቸው። ጎረቤታችን ድሬዳዋ በ2013 የደንጊ ትኩሳት፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ደርሶባታል። ደንጊ ነጭ ሕዋሳትንና ፕላትሌትን ያሳንሳል፤ ቺኩንጉንያ ሊምፎሳይትን ይቀንሳል፤ ወባም ፕላትሌትን ያወርዳል፤ የሳንባ ምችና ሌሎችም የባክቴሪያ ሕመሞች ኒውትሮፊልን ያበዛሉ። የብረት ማዕድን እጥረት ያለባት ሴት የቀይ ሕዋሳቷ መጠን መበላለጥ ከፍ ብሎ ይታያል። እንግዲህ ቁጥሩ ሲለወጥ የተናገረው ልብ ይሁን ሳንባ ወይም ትንኝ፣ ከቁጥሩ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ከዚህ ጋር የጫት ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ስሙ የታወቀው የአወዳይ የጫት ገበያ ከሐረር ሩቅ አይደለም። በለጋው የጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብን ምትና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የልብንም ደም ቅዳዎች ሊያኮማትር ይችላል። በ2005 ከየመን የታተመው ጥናት ጫት ቃሚዎች፣ በተለይም አብዝተው የሚቅሙት፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከማይቅሙት በእጅጉ የላቀ መሆኑን አመልክቷል። በመኮማተር የተዘጋ ደም ቅዳና በስብ ክምችት መሰንጠቅ የተዘጋ ደም ቅዳ መነሻቸው የተለያየ ስለሆነ፣ የደም ምልክታቸው አንድ ይሆናል ብሎ መገመት አይቻልም። ጫት በማይቃምባቸው አገሮች የወጡት ቀመሮች ይህን ልዩነት አልፈተኑትም። ስለዚህ «መቼ ቃምህ? ምን ያህል?» የሚለው የአንድ ደቂቃ ጥያቄ፣ በነቀፋ ሳይሆን በአክብሮት ከተጠየቀ፣ ለሐኪሙ ከብዙ ቀመር ይልቅ ይጠቅመዋል።

አራተኛው ምክንያት የእኛው የላቦራቶሪ ሥራ ነው። መሣሪያው ሲበላሽ ወይም ኬሚካሉ ሲያልቅ ወደ ስላይድና ማይክሮስኮፕ እንመለሳለን፤ ይህም የሚያሳፍር አይደለም። ነገር ግን 100 ነጭ ሕዋሳት ብቻ ቆጥረን 60 ኒውትሮፊልና 30 ሊምፎሳይት ብናገኝ፣ ንጽጽሩ 2 ነው ብለን የምንጽፈው ቁጥር በዕድል ብቻ ከ1.3 እስከ 3.1 ገደማ ሊወዛወዝ ይችላል። ቆጣሪው ስሕተት ስለሠራ አይደለም፤ የቆጠራው ጠባይ ነው። ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ 400 ሕዋሳት መቁጠር ያስፈልጋል። የፕላትሌት አማካይ መጠንም እንዲሁ ነው፤ ደሙ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ባለበት ብልቃጥ ውስጥ በቆየ ቁጥር ፕላትሌቶቹ ስለሚያብጡ፣ ወዲያው የተለካውና ከሁለት ሰዓት በኋላ የተለካው አይነጻጸሩም። በዚህ ላይ ንጽጽሩ ራሱ ሕመሙ ከጀመረበት ሰዓት ጋር አብሮ ይለዋወጣል።

አምስተኛውና ዋነኛው ምክንያት ግን የሕክምናው አደጋ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ስለት ያለው መሣሪያ ነው። በ1986 በኢጣሊያ በ11,806 በሽተኞች ላይ የተደረገው ጥናት፣ ስትሬፕቶኪናዝ በ21 ቀን ውስጥ የሚሞቱትን ከ100 ከ13 ወደ 10.7 ዝቅ እንዳደረገ አሳይቷል። በ1994 የታተመውና 58,600 በሽተኞችን ያጠቃለለው የጥናቶች ድምር ደግሞ ጥቅሙ የኤስ ቲ መስመራቸው ከፍ ባለላቸው እንጂ ዝቅ ባለባቸው ላይ አለመታየቱን ገለጸ። መድኃኒቱ በጥቂት ሰዎች ላይ በአንጎል ውስጥ ደም እንዲፈስ ያደርጋል። እንግዲህ ከኢ.ሲ.ጂ. ይልቅ የደም ቆጠራን አምኖ ይህን መድኃኒት የሚሰጥ ሰው፣ ጥቅሙ ላልተረጋገጠለት በሽተኛ ጉዳቱ የተረጋገጠ ነገር ይሰጣል። በአንጻሩ ቆጠራውን አምኖ ሕክምናን የሚያዘገይ ሰው የሚሞተውን ጡንቻ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በልብ ነገር ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ክቡራትና ክቡራን፤

ይህን ሁሉ ስናገር እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ማለቴ አይደለም። ዛሬ፣ ባለን ዐቅም፣ ልንሠራቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

በመጀመሪያ፣ ደረቱን የሚያመው ሰው በመጣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢ.ሲ.ጂ. ይነሣለት። ሕመሙ ካልቆመ ይደገምለት። የጀርባውን ወገን የሚመግበው ደም ቅዳ ሲደፈን ተራው ኢ.ሲ.ጂ. ብዙ ጊዜ ስለሚያልፈው፣ ገመዶቹ ወደ ጀርባ ተዛውረው እንደገና ይመዝገብ። ይህ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሁለት ደቂቃና ትጋት ነው። የተሸሸገውን መደፈን ፍለጋ ከሆነ የወጣነው፣ ከደም ንጽጽር በፊት የሚመጣው ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ አለርጂ ወይም የሚፈስ ደም ከሌለ አስፕሪን ታኝኮ እንዲዋጥ ወዲያው ይሰጥ። በ1988 በ17,187 በሽተኞች ላይ የተደረገው ጥናት፣ አስፕሪን ብቻውን በአምስት ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ሥር ምክንያት የሚደርሰውን ሞት በ100 ሲሰላ በ23 እንደቀነሰ፣ ከስትሬፕቶኪናዝ ጋር ሲጣመርም በ42 እንደቀነሰ አሳይቷል። አስፕሪን በየፋርማሲው አለ። ለዚህ መድኃኒት ማንም የደም ቆጠራ ውጤት መጠበቅ የለበትም። መስመሩ ከፍ ብሎ ለታየውና አንጂዮግራፊ በ120 ደቂቃ ውስጥ ሊደረስበት ለማይችለው በሽተኛ ደግሞ፣ ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ካላለፈና ሌላ መከልከያ ከሌለ፣ የሚያሟሟው መድኃኒት ሳይዘገይ ይታሰብለት።

ሦስተኛ፣ ለላቦራቶሪ ባልደረቦቼ የማቀርበው ጥሪ ነው። የደም ቆጠራ አይጣል። የደም ማነስን፣ የኢንፌክሽንን፣ የፕላትሌትን ጉድለት ይገልጥልናልና መድኃኒት ለሚመርጠው ሐኪም አስፈላጊ ነው። ነገር ግን በመዝገባችን ላይ ቁጥሩን ብቻ አንጻፍ፤ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት፣ የተለካበትን ሰዓት፣ የተቆጠሩትን ሕዋሳት ብዛት፣ ትኩሳት መኖር አለመኖሩን፣ ጫት መቃም አለመቃሙን አብረን እንጻፍ። ሰዓት የሌለው ውጤት፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ ቀኑን እንደማያውቅ ምስክር ነው።

አራተኛ፣ ይህ መዝገብ ለሁለትና ለሦስት ዓመታት በሥርዓት ከተያዘ፣ በሕይወት ፋና፣ በጀጎልና በሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ባልደረቦቻችን አንድ ላይ ሆነው ሊሠሩበት የሚችሉት ጥናት ይወለዳል። ወደ አዲስ አበባ ተልከው አንጂዮግራፊ የተደረገላቸው በሽተኞች ውጤት ወደ ሐረር ተመልሶ ከመጀመሪያው ቀን የደም ቆጠራቸው ጋር ይገናዘብ። አስቀድሞም የጤነኞች የሐረር ነዋሪዎች የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ወሰን ይጠና። ያን ጊዜ ንጽጽሩ ለእኛ ሕዝብ ይጠቅም እንደሆነ ከራሳችን ደም እንሰማለን። አይጠቅምም የሚል መልስ ቢገኝ እንኳ ትልቅ ዕውቀት ነው፤ ከሐሰት ተስፋ ያድናልና።

ለጥያቄዬ መልስ ልስጥና ንግግሬን ላብቃ። ተራው የደም ምርመራ በሰውነት ውስጥ እሳት መነሣቱን ይነግረናል፤ እሳቱ የተነሣበትን ቤት ግን አያሳየንም። ስለሆነም ረዳት ምስክር እንጂ ዳኛ አይሁን። ዳኝነቱ የበሽተኛውን ቃል የሚያዳምጥ፣ ኢ.ሲ.ጂ.ውን ደጋግሞ የሚያነብ፣ ሰዓቱን የሚቈጥር ሐኪም ይሁን፤ የምስክሩም ቃል እንዳይዛባ የሚጠብቀው ትጉህ የላቦራቶሪ ባለሙያ ይሁን። በእነዚህ በሁለቱ መካከል መከባበርና መነጋገር ከጸና፣ ደረቱን ይዞ በሌሊት ከአቦከር የሚመጣው ሰው ባለን ዐቅም የሚገባውን ያገኛል።